ተርብና ዛፍ ሞክሼ ሲሆኑ

አጋቲስ ሞንታና የሚባል ዛፍ አለ። የሚበቅለው ኒው ካሌዶኒያ ውስጥ ነው፤ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለ የፈረንሳይ ግዛት። እዚያም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም። ቤቱ ሞን ፓኒዬ የሚባለው ተራራና ዙሪያው ነው። የተራራው ከፍታ 1,628 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ በታች መሆኑ ነው፤ ለአገሬው ግን ከዚያ የሚበልጥ ተራራ የለም። ዛፉ የዝግባ የሩቅ ዘመድ ነው፤ የመጥፋት ሥጋት ስላለበት ተመራማሪዎች በቅርብ ይከታተሉታል።

አጋቲስ ሞንታና የምትባል ተርብም አለች። ትንሽ ናት፤ ሰው የምትነድፍ ዓይነት አይደለችም። የእሷ ወገን የሆኑ ተርቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት የእሳት እራት ትል ሰውነት ውስጥ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ተርቧ ከዛፉ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። እሱ ላይ አትኖርም፣ ከእሱ አትበላም። የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው፤ እሱም ፊደል በፊደል አንድ ነው።

ተርቧ ስሟን ያገኘችው በ1932 ነው፤ ዛፉ በ1969። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛፉ ዘግይቶ መጥቶ ስሟን ቢወስድም ማንም አልተቃወመም። የሚቃወምበት ሕግም የለም።

ትምህርት ቤት የተነገረን ሌላ ነበር። የሰፈር ስም ያሳስታል፣ አንዱ አካባቢ በአንድ ስም የሚጠራው ተክል ሌላው ዘንድ ሌላ ነው፣ ሳይንሳዊ ስም ግን በዓለም ላይ አንድና አንድ ነው ተብለናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ያልተነገረን ቅጥያ አለው። ስሙ አንድ የሚሆነው በራሱ መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቦቹ ደግሞ ከአንድ በላይ ናቸው።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል አለው። የመጀመሪያው ጂነስ ይባላል፤ የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚጋሩት የወገን ስም ነው። ሁለተኛው ዝርያውን ይለያል። የኛን ስም ገልብጣችሁ አስቡት፤ አባት ፊት፣ ልጅ ኋላ። ባንክ ቤት ሁለት አበበ ከበደ ሲመጡ የአያት ስም ይጠየቃል። በሳይንሱም የአያት ስም አለ፤ ከሁለቱ ቃላት ቀጥሎ የሰያሚው ስም፣ በእንስሳት ዘንድ ደግሞ ዓመቱም ይጻፋል። ተርቧ «አጋቲስ ሞንታና፣ ሼስታኮቭ፣ 1932» ናት። ዛፉ «አጋቲስ ሞንታና፣ ዴ ላውቤንፌልስ» ነው። በሙሉ ከተጻፈ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ችግሩ አብዛኞቻችን የአያት ስም ስንጽፍ ሰነፎች መሆናችን ነው።

አሁን ወደ መዝገቦቹ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ የዕፅዋትን ስም የመሠረተበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1753 ነው። ለእንስሳት መነሻ የሆነው ሥራው 10ኛ እትም የወጣው ደግሞ በ1758። ሰውየው አንድ ነው፤ ተከታዮቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። የእንስሳት ሰዎች በ1842 እንግሊዝ ውስጥ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። የዕፅዋት ሰዎች በ1867 ፓሪስ ላይ የራሳቸውን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ደንቦች ብዙ ጊዜ ተሻሽለዋል፤ አልተዋሐዱም። የዕፅዋቱ ደንብ የመጀመሪያ መርሕ ይህንኑ በግልጽ ያስቀምጣል፦ የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት አሰያየም ከእንስሳትና ከባክቴሪያ አሰያየም ነጻ ነው ይላል።

በጠባይም አይመሳሰሉም። እንስሳት ዘንድ ጂነሱና ዝርያው አንድ ቃል ቢሆን ችግር የለም፤ ጎሪላ ሳይንሳዊ ስሙም «ጎሪላ ጎሪላ» ነው። ዕፅዋት ዘንድ ይህ ክልክል ነው። የዕፅዋት ሰዎች እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ አዲስ ዝርያ ሲያስተዋውቁ መግለጫውን በላቲን እንዲጽፉ ይገደዱ ነበር። የእንስሳቱ ሰዎች እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረባቸውም።

ታዲያ ሞክሼው እንዴት ይበዛል? ሁለቱም ወገኖች ስም የሚቀዱት ከአንድ ቦታ ስለሆነ ነው፤ ከግሪክና ከላቲን። የግሪክ አማልክት ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ስም የሚፈልገው ፍጡር ግን ማለቂያ የለውም። አንድ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ፣ ቻርልስ አሌክሳንደር፣ እግረ ረጃጅም የሆኑ ዝንቦችን ብቻ ይዞ ከ11,000 በላይ ዝርያ ሰይሟል። 11,000! እንዲህ ያለ ሰው ቃል ቢያልቅበት ማን ይፈርዳል? የዝርያ ስሞቹም የተለመዱ ናቸው። «ተራራማ»፣ «ክቡር»፣ «ያማረ»፣ «ዝንጉርጉር»፣ «የጃፓን» የሚሉ ቅጽሎች በሺህ የሚቆጠሩ ፍጥረታት ላይ ተለጥፈዋል። የጂነስ ስም አንድ ጊዜ ከተገጣጠመ ሁለተኛው ቃልም አንድ ቀን መግጠሙ አይቀርም። «ኦርሞሲያ ኖቢሊስ» የሚለው ስም እንዲህ ነው የደቡብ አሜሪካ ዛፍም የእግረ ረጅም ዝንብም የሆነው።

ሁለቱም ቃላት የገጠሙባቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። የጂነስ ሞክሼዎች ግን ከሺህ በላይ ይሆናሉ። እነሱ ናቸው እኛም ሰፈር የሚደርሱት።

ፒዬሪስን ውሰዱ። በእንስሳት መዝገብ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ናቸው፤ ትሎቻቸው ጎመን የሚበሉት። በኢትዮጵያ ደጋ የራሳችን ዝርያ አለን፣ ፒዬሪስ ብራሲኮይዴስ። ጓሮ ጎመን የተከለ ሰው ስሙን ባያውቅም ሥራውን ያውቀዋል። በዕፅዋት መዝገብ ደግሞ ፒዬሪስ የጃፓንና የሂማሊያ ቁጥቋጦ ነው፤ ነጫጭ አበባዎቹ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላሉ። ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ በየቤቱ በር ላይ ታዩታላችሁ፤ እዚያ የተለመደ የግቢ ማስዋቢያ ነው። ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ፍየልና በግ ከበሉት ክፉኛ ይታመማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ቢራቢሮው ስሙን ያገኘው በ1801፣ ቁጥቋጦው በ1834 ነው።

ሳቲሪየም የሚባሉ ኦርኪዶች አሉ፤ ኢትዮጵያም አሏት፣ ሳቲሪየም ኤቲዮፒኩም የሚባለው ስሙ ራሱ ይናገራል። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሳቲሪየም ትናንሽ ቡናማ ቢራቢሮዎች ናቸው። ዋርካና ሾላ ፊከስ ናቸው፤ ባሕር ውስጥ የበለስ ፍሬ የሚመስል ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣም ፊከስ ነው። እንዲያውም «ፊከስ ቫሪዬጋታ» ሁለቱም ቃላት የገጠሙበት ነው፤ ቀንድ አውጣው በ1798፣ የእስያው ሾላ በ1825 ተሰየሙ። የሰሜንና የባሌ ተራሮች አስታ ኤሪካ ነው፤ ኤሪካ የምትባል ዘላይ ሸረሪትም አለች። አይሪስ አበባም ነው፣ የፊት እግሮቹን አጣጥፎ የሚጸልይ የሚመስለው የሜዲትራኒያን ማንቲስም ነው።

ባሲለስ ግን ከሁሉም ይገርመኛል። መጀመሪያ ደረቅ ጭራሮ ለሚመስል ነፍሳት የተሰጠ ስም ነው። በ1872 ደግሞ ለባክቴሪያ ተሰጠ። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ፣ ነፍሳትን የሚገድል ፕሮቲን ያመርታል። «ቢቲ ጥጥ» የሚባለው፣ ኢትዮጵያ በ2018 ለገበያ እንዲመረት የፈቀደችው ጥጥ፣ ዘረ መሉን የወሰደው ከዚህ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ባሲለስ ነፍሳትም ነው፣ ነፍሳት ገዳይም ነው።

አንድ ከነፍሳት የወጣ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። ድራኩንኩለስ በግሪክ፣ በቱርክና በባልካን አገሮች የሚበቅል ተክል ነው። አበባው ጥቁር ቀይ ሆኖ ሲፈነዳ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል፤ ዝንብ የሚጠራው በዚያ ነው። በእንስሳት መዝገብ ግን ድራኩንኩለስ የጊኒ ዎርም ነው። ንጹሕ ካልሆነ የኩሬ ውሃ ጋር ሰው ሆድ ይገባል። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳ ቀዶ የሚወጣው ረጅም ትል እሱ ነው። በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዘው ነበር። በ2024 የተመዘገበው 15 ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረው ጋምቤላ ነው። በ2023ም በ2024ም በሰው ላይ አልታየም፤ እንስሳት ላይ ግን ክትትሉ ቀጥሏል፣ ዝንጀሮ ሳይቀር።

እሺ፣ ምን ችግር አለው? ለብዙ ዘመን ምንም አልነበረውም። ዕፅዋቱ የሚቀመጡት በሄርባሪየም ነው፤ ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተለጥፈው። ነፍሳቱ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተወግተው ይቀመጣሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየም የገባ ሰው ሳቲሪየም የሚል መለያ ሲያይ ቢራቢሮ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ሕንጻው ራሱ ይነግረዋል። መጽሔቶቹም የተለያዩ ነበሩ፣ ሰዎቹም እንደዚያው። የቢራቢሮ ተመራማሪና የኦርኪድ ተመራማሪ ዕድሜ ልካቸውን ሳይገናኙ ሊኖሩ ይችላሉ።

ጉዳዩን የዛሬ ጉዳይ ያደረገው ኮምፒውተር ነው። ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ከተታቸው። ኮፐንሃገን ላይ ማእከሉ ያለ ጂቢፍ የሚባል ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት አለ። ከ2 ቢሊዮን በላይ መዝገብ ይዟል። እያንዳንዱ መዝገብ «ይህ ዝርያ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን ታይቷል» የሚል ነው። መረጃው የሚመጣው ከየአገሩ ነው፤ ስሙን ከዝርያው ጋር የሚያዛምደው ማሽን ነው። ማሽኑ ሕንጻውን አያይም። «ኦይናንቴ» የሚል ቃል ብቻ ቢመጣለት መሬት ላይ የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ትሁን መርዛማ የረግረግ ተክል በምን ያውቃል? ለዚህ ነው ጂቢፍ መረጃ ላኪዎች ከስሙ ጋር ዓለሙን፣ ማለትም እንስሳ ወይስ ዕፅ የሚለውን፣ እንዲጽፉ አጥብቆ የሚመክረው።

የዝርያ ስርጭት ካርታ የሚሠራው ከእንዲህ ያለ መረጃ ነው። የመጥፋት ሥጋት ግምገማም እንደዚሁ። ጥቂት ተራራ ላይ ብቻ የቀረ ዛፍ በስሕተት የተርብ ነጥቦች ቢጨመሩለት ካርታው ላይ በሰፊው የሚገኝ ይመስላል። ባለሙያ ሲያየው ይስቃል፣ ያስተካክላል። ግን ዛሬ ስንቱ ነገር ነው ባለሙያ ሳያየው የሚያልፈው? ጽሑፍ ሰብስበው የሚማሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ያው ናቸው። «ፒዬሪስ መርዛማ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ስለ ቁጥቋጦው ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ስለ ጎመን ትሉ ልትረዱት።

«ታዲያ አንዱን ስም አይቀይሩትም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ግራር ላይ የሆነውን አይቼ ይህን ሐሳብ ፈራሁት።

ግራር ለዘመናት አካሺያ ነበር። ሳይንቲስቶች ጂነሱ በጣም ሰፊ ነው፣ መከፋፈል አለበት ብለው ተስማሙ። ጥያቄው «አካሺያ» የሚለው ስም ለማን ይቅር የሚል ሆነ። ዝርያዎቹ የበዙት አውስትራሊያ ነው፤ ወደ ሺህ ይጠጋሉ። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ግን ለአፍሪካው ነበር። በ2005 ቪየና ላይ የተደረገው ጉባኤ ስሙን ለአውስትራሊያ ሰጠ። ክርክሩ ጦፈ፤ በ2011 ሜልበርን ላይ ውሳኔው ጸና። አዎ፣ ሜልበርን፣ እዚያው አውስትራሊያ። የእኛዎቹ ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ ሆኑ። የባዝራ ግራር አሁን ቫኬሊያ አቢሲኒካ ነው፤ የሙጫው ዛፍ ሴኔጋሊያ ሴኔጋል። ይህ ሁሉ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም የደን ሪፖርት ስትከፍቱ አካሺያ ታገኛላችሁ። አንዱ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ይጽፋል። ለአንድ ጂነስ ይህን ያህል ከተለፋ፣ ከሺህ በላይ ሞክሼ እንቀይር ማለት ሌላ ሺህ ግራ መጋባት መፍጠር ነው። ሞክሼነቱ ይሻላል።

ሁለቱን ደንቦች የማዋሐድ ሐሳብም ተሞክሯል። በ1990ዎቹ «ባዮኮድ» የሚባል የጋራ ደንብ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሁለቱም ወገን በቂ ደጋፊ አላገኘም፤ ረቂቅ ሆኖ ቀረ።

በቅርቡ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ይበልጥ ተራራቁ። በሐምሌ 2024 የዕፅዋት ሰዎች ማድሪድ ላይ ተሰብስበው «ካፍራ» የሚለውን የዝርያ ስም «አፍራ» እንዲሆን ወሰኑ። ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ የሚወረወር ከባድ ስድብ ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት እዚያው ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ጊዲዮን ስሚዝና ኤስትሬላ ፊጌሬዶ ናቸው። ድምፁ 351 ለ205 ነበር። ከ200 በላይ የዕፅዋት፣ የፈንገስና የአልጌ ስሞች ተነኩ። የቆርች ዘመድ የሆነው ኤሪትሪና ካፍራ ኤሪትሪና አፍራ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የኮሽም ዘመድ፣ ዶቭያሊስ ካፍራም፣ አሁን ዶቭያሊስ አፍራ ነው። ጉባኤው ከ2026 ጀምሮ ለሚወጡ አዳዲስ ስሞች ደግሞ አዋራጅ የሆኑትን መጣል የሚቻልበት መንገድ ከፈተ።

የእንስሳቱ ሰዎች ከዚህ ቀደም ብለው፣ በ2023፣ አቋማቸውን ተናግረው ነበር። ስም በሥነ ምግባር ምክንያት አንቀይርም፣ የስም መረጋጋት ይቀድማል አሉ። ስለዚህ ጎሽ ዛሬም ሲንሴሩስ ካፈር ነው፤ በ1779 የተሰጠው ስም፣ ያው ቃል። ስሎቬኒያ ዋሻ ውስጥ ያለች አንዲት ዓይነ ስውር ጥንዚዛም በ1937 የተሰጣትን የሂትለርን ስም እንደተሸከመች ናት። እኔ የማድሪዱን ውሳኔ እደግፋለሁ፤ አንዲት ፊደል ብቻ ስለጣለ ፍለጋን አያበላሽም፣ ስድቡን ግን ያነሳል። የእንስሳቱን ወገን ሥጋትም እረዳለሁ፤ የአካሺያን ጉድ ያየ ሰው ስም መንካት ቢፈራ አይገርምም። ውጤቱ ግን አንድ ቃል በአንዱ መዝገብ ተሰርዞ በሌላው የቀጠለ መሆኑ ነው።

እስከዚያው የሚሠራው መፍትሔ አሰልቺ ነው፤ ሙሉውን መጻፍ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ የእርሻና የጤና መረጃ በአማርኛ የምታዘጋጁ፣ ስሙ መጀመሪያ በወጣበት ቦታ ሰያሚውንና የቤተሰቡን ስም ጨምሩ። የቤተሰብ ስም ጥሩ ምልክት አለው። በላቲን ፊደል የዕፅዋት ቤተሰብ «ኤሲዬ» በሚል ድምፅ ያልቃል፤ የእንስሳት «ኢዴ» በሚል። ፒዬሪስ ከኤሪካሲዬ ከሆነ ቁጥቋጦው ነው፤ ከፒዬሪዴ ከሆነ ቢራቢሮው። በሰንጠረዥ መረጃ የምትሰበስቡ ደግሞ ዓለሙን የሚገልጽ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ኤክሴል ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አዲስ ለሚሰየሙትስ? የእንስሳቱ ደንብ አዲስ የጂነስ ስም የሚያወጣ ሰው ቃሉ በዕፅዋት ወይም በባክቴሪያ መዝገብ አስቀድሞ ተይዞ እንደሆነ እንዲያጣራ ይመክራል። ምክር ነው፤ ግዴታ አይደለም። ሳያጣራ ያወጣ ሰው ስሙ አይሻርበትም።